ጭረት እንኳ አልነበረኝም

ይህን የምጽፈው መኪናው ከመንገድ ወጥቶበት "እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልሆንኩም" ብሎ ቤቱ ለገባ ሰው ነው። ለሚስቱና ለጎረቤቶቹ ደግሞ ይበልጥ። እኔም እንደዚያ ብዬ ገብቼ ነበር። ጭረት እንኳ አልነበረኝም። አእምሮዬን ሊወስደው የነበረው ግን ያው "ምንም" ያልኩት ነገር ነው፤ ለዚያውም ቀስ ብሎ፣ እኔ ሳላውቅ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየ። መጻፍ አልለመድኩም፣ ቶሎም ይደክመኛል፤ ስለዚህ እያረፍኩ ነው የምጽፈው።

ተሾመ እባላለሁ። የምኖረው ሮቤ ነው። ሥራዬ የስንዴ ኮምባይነር መጠገን ነው። አዝመራ ደርሶ ማጨጃው ማሳ መሀል ሲቆምበት፣ ባለቤቱ ራሱን ይዞ የሚደውለው ለእኔ ነው። ገበሬዎቹ "ኦቦ ተሾመ"፣ አቶ ተሾመ ለማለት፣ ይሉኛል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀልን እንጨቃጨቃለን፣ እንሳሳቃለን። የተበላሸው ቀበቶው ይሁን ኩሽኔታው ገና ከሩቅ በድምፁ ለይቼ መናገር እወድ ነበር። ትንሽ ጉራም ነበረብኝ። ዕድሜዬ ከሃምሳ አምስት አልፏል፤ እስከዚያ ድረስ ከጉንፋን በቀር ሐኪም ቤት ያስኬደኝ ነገር አልነበረም።

ያን ቀን በፒክአፔ ከዲንሾ ወደ ሮቤ ስመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። የባሌን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አይንጠባጠብም፣ ይደፋል። በረዶ ቀላቅሎ ጣሪያውን ሲደበድበው የሞተሬን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር። መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ቢልም መስታወቱን ሊያጠራው አልቻለም። ከታረሰው ማሳ የታጠበው ጭቃ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈስሳል። ዳር ይዤ ልቁም ብዬ ነበር፤ ቁልቁለቱን ልጨርስና እቆማለሁ ብዬ ተውኩት። ኩርባው ላይ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ቅልል አለ።

ሾፌር የሆነ ሰው ይህን ያውቃል። መሪ ሲቀል ጎማው ውሃው ላይ ነው ያለው፣ አስፋልቱን አልያዘም። እንዲህ ሲሆን ፍሬን አይረገጥም፤ ስንቱን ጎረምሳ ሾፌር ይህንኑ መክሬያለሁ። እኔ ግን ረገጥኩ። እግሬ ነው የረገጠው፣ እኔን አላማከረም። ፒክአፗ እንደ እንዝርት ዞረች፤ የመጣሁበት መንገድ ፊቴ ላይ አለፈ፣ ከዚያ ማሳው፣ ከዚያ እንደገና መንገዱ። በመጨረሻ በግራ ጎኗ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ስትቆም የራሴ ግራ ጎን የበሩን ብረት መታ። ብዙም አላመመኝም። ያን ሰዓት ያስጨነቀኝ የተሰበረው የፊት መብራት ነበር።

ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሁለት ፈረሰኞች ከዝናቡ ውስጥ ብቅ አሉ። "ኦቦ፣ ነጋ ነው፣ ሰላም ነው? ተጎዱ እንዴ?" አሉኝ። እጄንና እግሬን ዳበስኩ፤ ሁሉም በቦታው ነው። ዝናቡ ሲያባራ አንድ አይሱዙ ቆሞ በሰንሰለት ጎትቶ አወጣን። ፒክአፗ በቁልፍ ተነሳች፣ እኔም ራሴው እየነዳሁ ሮቤ ገባሁ። ሚስቴ ብዙነሽ ነገሩን ስትሰማ ግንባሬን፣ ትከሻዬን፣ ጎኔን እያገላበጠች አየች። "ጭረት እንኳ የለህም" አለችና አለቀሰች። እኔ ሳቅኩባት።

በእኛ አገር ከአደጋ ለተረፈ ሰው አንድ ሥራ ይጨመርለታል፤ መተረክ። "እንኳን እግዜር አተረፈህ" ለማለት የማይመጣ የለም። ጎረቤት ይመጣል፣ የማኅበር ሰው ይመጣል፣ የኮምባይነር ባለቤቶች ይመጣሉ። አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ስኳር፣ ከገጠር የሚመጡት ደግሞ ጩኮ፣ ያን በቅቤ የተለወሰ የገብስ ዱቄት፣ ይዘው ይገባሉ። ተቀምጠው እህል ውሃ ሲቀምሱ "እስቲ እንዴት ሆነ?" ይላሉ። እኔም እተርካለሁ። ሲደጋገም ወሬው እያማረ ሄደ፤ በረዶው ጣሪያ ላይ ሲወርድ በአፌ እያስመሰልኩ፣ መሪው ሲቀል በሁለት እጄ እያሳየሁ። ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ራሴን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ስነሳ ይጫነኛል፣ ሳል ሲይዘኝ ወይም ጎንበስ ስል ይብሳል። ከፋርማሲ አስፕሪን እየገዛሁ እንደ ከረሜላ ዋጥኩት። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን የሚደማ ነገር ላለበት ሰው እንደሚያባብስ የሰማሁት ኋላ ነው። ከዚያ እንቅልፍ መጣ። በቀትር፣ ሰው እያወራኝ፣ ዓይኔ ይከደናል። ቡሎን ስይዝ ከጣቴ ይሾልካል። የቀኝ እግሬ ጫማ መንገድ ላይ ወልቆ ብዙ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው የማውቀው። አንድ ቀን ኮምባይነር ሥር ተኝቼ የቱን ልፈታ እንደገባሁ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ብረቱን እያየሁ ቆየሁና "ዕቃ ይመጣለት" ብዬ ወጣሁ። ምን ዕቃ እንደሚመጣለት አላውቅም ነበር።

ሮቤ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው፤ አግዳሚው ላይ ከሕፃናት ልቅሶና ከእርጥብ ጃኬት ሽታ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ደም ሰጠሁ። "ታይፎይድ ነው" ተባልኩ። በእኛ ዘንድ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ታይፎይድ አለበት፤ ባይኖርበትም ይገኝለታል። ስለ መኪናው የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁም። ጭረት ለሌለው አደጋ ምን ብዬ ላንሳ? መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ አልተሻለኝም። ሌላ ቦታ ደግሞ "የዓይን ድካም ነው፣ ዕድሜም ነው" ተብዬ መነጽር ታዘዘልኝ። መነጽሩን አድርጌ ያንኑ ራስ ምታት በደንብ አየሁት።

ቤት ውስጥ ክርክር ተጀመረ። ብዙነሽ "ጸበል ይጠመቅ፤ መንገድ ላይ የያዘው ነገር አለ" ትላለች። ጎባ የምታስተምረው ልጃችን ሰናይት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች "እማዬ፣ ሆስፒታል ይሂድ" ትላለች። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቃል አይመርጥም። "እናንተ የዛሬ ልጆች እግዜርን ትንቃላችሁ" ትላታለች እናቷ። "እግዜርስ ሐኪም አልፈጠረም?" ትላለች ልጅቱ። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ የማን ጉዳይ እንደሚወራ ይጠፋኛል። ጸበሉን ተጠመቅሁ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፣ የቄሱ ጸሎት ልቤን አረጋጋልኝ፣ ራሴ ግን ያው ነው። ጸበል አላዳነኝም ብዬ አልቀልድም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻል እንደነበር ግን ዛሬ አውቃለሁ።

ሌሊት ሌሊት እፈራ ነበር። ምን እንደምፈራ አላውቅም። ብቻ አንድ ሰው ከእኔ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ የሚወስድ ይመስለኝ ነበር።

ጠያቂው በዚህ ሁሉ መሀል አልተቋረጠም። እኔም መተረኬን አልተውኩም። አሁን የምጽፈውን እኔ አላስታውሰውም፤ የነገሩኝን ነው የምናገረው። ታሪኩን ጨርሼ፣ ሰው "ተመስገን" ብሎ፣ ወሬ ወደ ስንዴው ዋጋ ሲዞር፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ "እስቲ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ" እላለሁ። ከዲንሾ እጀምራለሁ። በረዶውን በአፌ አስመስላለሁ። እንግዳው ምን ይላል? ትልቅ ሰው ፊት "ነግረውናል" ማለት ነውር ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ "ኧረ! ወይ ጉድ!" እያለ ይሰማኛል። ተነስቶ ሲወጣ በር ላይ ለብዙነሽ "ደንግጦ ነው፣ ድንጋጤው አልወጣለትም" ይላታል። ሰው ሁሉ አወቀ፤ ሰው ሁሉ አከበረኝ። እንዲህ እየተከበርኩ ልሞት ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ ኢብራሂም ነው፤ እኔ ኢብሮ ነው የምለው። ሮቤ ላይ መለዋወጫ ይሸጣል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው። አደጋው ከደረሰብኝ ጀምሮ ለዕቃ ግዢ ወጥቶ ስለከረመ የመጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ገና ከበሩ "አልሐምዱሊላህ! አንተን ዝናብም አልቻለህም!" እያለ ገባ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለም ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጠው ነበር። ተረክሁለት። እሱም እንደ ልማዱ "ፍሬን ረገጥክ? አንተ? እስካሁን ስንቱን ስትሰድብበት!" እያለ ሳቀብኝ። ሻዩን አንስቶ ፉት አለ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"እስቲ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ከዲንሾ ስመለስ ነው።"

"ተው እንጂ፣ ታሾፍብኛለህ?" አለ እየሳቀ።

ቀጠልኩ። በረዶው፣ መጥረጊያው፣ ጭቃው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ተሾመ፣ ይህን አሁን ነግረኸኛል እኮ።"

"መቼ?"

"አሁን! ሻዬ እንኳ ሳይበርድ!"

ወይዘሮ አስካለ "ኧረ ሐጂ፣ ይተዉት፤ ድንጋጤ ነው" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ኢብሮ አልሰማቸውም፤ እጄን እያየ ነበር። የመሪውን ነገር የማሳየው በግራ እጄ ብቻ ነው፤ ቀኙ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ወደ ብዙነሽ ዞረ። ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

"አዴ ብዙነሽ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

"ያ ረቢ! ሁላችሁም ታውቃላችሁ ማለት ነው?" አለ ኢብሮ። ቀና ብሎ ያየው የለም። "ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ጎባ እንሄዳለን። እምቢ ካለ በገመድ አስሬ እወስደዋለሁ።"

እኔ ተቆጣሁ ይባላል። "ቤቴ መጥቶ የሚሰድበኝ ማን ነው?" ብያለሁ አሉ። ከዚያ መቆጣቴንም ረሳሁት።

ጎባ ሐኪም ቤት የነበረውን ቆይታ ግን በከፊል አስታውሰዋለሁ። ኮሪደሩ ሙሉ ነው፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሶፍ ዑመር አካባቢ የመጣ፣ እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ገበሬ እንቅልፍ ወንበር ላይ ሲጥለኝ አየና በኦሮምኛ "እናንተ ቅደሙ፣ የእኔ እግር የትም አይሄድም" ብሎ ወረፋውን ለቀቀልን። ስሙን አልጠየቅነውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ ራስ ምታቱ ከጠየቀችኝ በኋላ "ባለፉት ወራት ራስዎን የመታዎት ነገር አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኩ።

"አለ እንጂ!" አለ ኢብሮ ከኋላዬ። "ለዓለም ሁሉ ሲያወራው ከርሞ አሁን የለም ይላል!"

ሐኪሟ አልሳቀችም። "ሁለቱን እጆችዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፤ መዳፍዎ ወደ ላይ ይሁን። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና ባሉበት ያቆዩአቸው" አለችኝ። ዘረጋሁ፣ ጨፈንኩ። ቀላል ነገር ነው፤ እጆቼ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ይሰማኛል። ከዚያ አብራን የመጣችው ብዙነሽ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። "ዓይንዎን ይግለጡ" አለች ሐኪሟ። ስገልጥ ግራ እጄ ቦታው ላይ ነው፤ ቀኝ እጄ ግን ዞሮ ወርዶ ጉልበቴ አጠገብ ደርሷል። አላወረድኩትም። የራሴ እጅ ሳይነግረኝ ሄዶ ነበር። ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት ያኔ ነው፤ መኪናዋ ስትዞር እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም።

በቀላል አማርኛ አስረዳችን። ራሴ ሲመታ ከራስ ቅሉ ሥር ያለች ቀጭን የደም ሥር ተበጥሳ ይሆናል። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ይጠራቀማል፤ ቦታ ሲያጣ አንጎሉን ይጫነዋል። የግራው ሲጫን የቀኙ እጅና እግር ይደክማሉ፣ ሰውየው ይረሳል፣ ይተኛል። ምልክቱ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከአደጋው ጋር አያያይዘውም። "ዛሬ ነገ ሳትሉ ሲቲ ስካን ይነሳ፤ ከሆነ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ቢዘገይ ግን ላይነቃ ይችላል" አለች። ሲቲ ስካን ማለት የራስን ውስጥ ቆርጦ ቆርጦ የሚያሳይ ፎቶ ነው።

ኢብሮ ሱቁን ዘግቶ በራሱ መኪና አዲስ አበባ ወሰደን። ብዙነሽ ከኋላ አጠገቤ፣ ሰናይት ከፊት። ከሮቤ ወጥተን ወደ ዲንሾ ስንወጣ ኢብሮ አንድ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። በቦዩ ዳር የመኪናዬ መብራት ስባሪ አሁንም ይታይ ነበር አሉ። ኢብሮ "ያውልህ ቦታህ" አለኝ። በመስኮቱ አየሁና "ይህ ደግሞ የት ነው?" አልኩት። ያን ያህል ቀን በአፌ ስዞርበት የከረምኩትን ኩርባ አላወቅሁትም። ብዙነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

አዲስ አበባ ፎቶው የሐኪሟን ግምት አረጋገጠ። ወዲያው አስገቡኝ። ራሴን ላጩኝ፣ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ የተጠራቀመውን ደም አፈሰሱት። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ኋላ ላይ "ደሙ ከመቆየቱ የተነሳ እንደተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠቁሮ ነበር" ሲለኝ፣ ይህ እኔ የማውቀው ቋንቋ ነው። "ዘይቱን ከቀየራችሁ ፊልትሮውንስ?" አልኩት። ሰናይት ስቃ ስቃ በመጨረሻ አለቀሰች። አባቷ እንደተመለሰ ያወቀችው በዚያች ቀልድ ነው ትላለች።

ስለ ወጪው ማውራት አልፈልግም፤ ፒክአፗ አሁን የሌላ ሰው ናት ማለት ይበቃል።

ራሴን ሳውቅ ግን ቁጣም አብሮ መጣ። ብዙነሽ አልጋዬ አጠገብ ብርቱካን ስትልጥ "ታውቂ ነበር?" አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ሰው ፊት 'ነግረሃል' ልበልህ? ቤትህ ሙሉ ሰው ተቀምጦ? ሰላሳ ዓመት አቋርጬህ አላውቅም። ላዋርድህ አልፈለግሁም። ደግመህ ስትጀምር ፊቴን እንዳታይ ጓዳ እገባለሁ። እዚያ ቆሜ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።" ቢላዋውን መልሳ አንስታ "ብናገረው እውነት የሚሆን መሰለኝ" አለች።

ልቆጣት ነበር ያሰብኩት። ግን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ ድምፄን ከግድግዳው ማዶ እየሰማች፣ በረዶው መጣ፣ አሁን መሪው ቀለለ፣ አሁን አለቀ፣ ደግሞ ጀመረ፣ ስትል ታየችኝ። ቁጣው ከውስጤ ወጣ። በቀኝ እጄ እጇን ልይዝ ፈለግሁ፤ እጄ ገና አልጠናም ነበርና የያዝኩት ብርቱካኑን ነው።

ማገገም የሚባለው ነገር አሰልቺ ነው፤ ማንም አይነግርህም እንጂ። ሰው ቀዶ ጥገናውን ተወጥተህ ወዲያው የምትሮጥ ይመስለዋል። እኔ ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ይደክመኝና ቁጭ እላለሁ። የሚጥል በሽታ እንዳይመጣ ኪኒን እውጣለሁ። ሰናይት ባመጣችልኝ ላስቲክ ኳስ ጣቶቼን አለማምዳለሁ። ደህና መሆኔን እስክታይ ሐኪሟ መኪና መንዳት ከልክላኛለች፤ ጎባ ለቀጠሮ ስሄድ በሚኒባስ፣ መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው። ዝናብ ሲጀምር የፊት ወንበሩን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል። አዝመራው ደርሶ ኮምባይነሮቹ በቤቴ በር ሲያልፉ ድምፃቸውን አዳምጣለሁ። አንዱ ኩሽኔታው ሊበላሽ ነው። ወጥቼ ለመናገር ጉልበቱ አልነበረኝም፤ ግን ሰምቼዋለሁ፣ ለይቼዋለሁ። ያን ቀን ደህና ዋልኩ።

ለሚያነብ ሰው የምለው ይህ ነው። ራስህ ከተመታ፣ ባይደማም፣ ባያብጥም፣ ለሐኪም ተናገር። ሳምንታት ቢያልፉም ተናገር። ራስ ምታትህ ጠዋት ጠዋት እየባሰ፣ ዕቃ ከእጅህ እየወደቀ፣ እንቅልፍ እየበዛብህ ከመጣ "ታይፎይድ ነው" ቢሉህም ተከራከር። አስፕሪን በራስህ አትዋጥ። አጠገቡ ያላችሁ ደግሞ ይሉኝታችሁን ለሰርግና ለለቅሶ አድርጉት። ሲረሳ ንገሩት። ቢቆጣ ይቆጣ፤ የሚቆጣ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ጠያቂው እንደገና ጀመረ፤ አሁን ደግሞ "እንኳን እግዜር ማረህ" ለማለት። ባለፈው ሰሞን ከሲናና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከልጃቸው ጋር መጡ። ኮምባይነራቸውን ብዙ ጊዜ ጠግኜላቸዋለሁ፤ ቤቴ ግን ከአደጋው ወዲህ መጥተው አያውቁም፣ አሁን ገና መስማታቸው ነው። "አካም ጅርታ ኦቦ ተሾመ?" ብለው ትከሻዬን ሳሙ፣ ተቀመጡ። "እስቲ እንዴት ሆነ?" አሉ። ከዲንሾ ጀመርኩ። በረዶው ጋ ስደርስ ብዙነሽ ከጓዳ ወጣች። በእንግዳ ፊት፣ ቀና ብላ፣

"ተሾመ፣ ይህን ነግረሃቸዋል" አለች።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጨዋ ሰው ናቸውና "አዎ፣ አዎ፣ ሰምተናል" አሉ።

አልነገርኳቸውም ነበር። እርግጠኛ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት መጥተው የነበሩት ሌላ ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙነሽ ከእሳቸው ጋር አምታታቻቸው። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ቀልቷል፣ ሁለት እጇን መቀነቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። "እውነት ነው፣ ነግሬያቸዋለሁ" አልኩና ስለ ስንዴው ጠየቅኋቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ በር ላይ ሽማግሌውን "ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ" አልኳቸው በጆሯቸው። ብዙነሽ ሰማችኝ።

"አልነገርካቸውም ነበር?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ታዲያ ሰው ፊት ስሳሳት ለምን ዝም አልከኝ?"

"ለሌላ ጊዜ እንዳትፈሪ ብዬ ነው" አልኳት። "በተጠራጠርሽ ቁጥር ተናገሪ። መቶ ጊዜ ብትሳሳቺ አንድ ቀን ልክ ትሆኛለሽ፤ እኔ የምፈልጋት ያቺን ቀን ነው።"